ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፋርማሲስት

እንደ ፋርማሲስት የሙያ ፈቃድ ያለ ታታሪ ሠራተኛ በአገራችን የለም። ሰውዬውን አላልኩም፤ ወረቀቱን ነው። ፍሬም ተገዝቶለት መድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጠዋት አያረፍድ፣ ማታ እስከ ሦስት ሰዓት ቢገተር «እግሬን» አይል። ወንበር አይጠይቅም፣ ወሊድ አይወጣም። በወር አንዴ ፈቃዱን ላከራየው ፋርማሲስት ኪራይ ይላካል፣ በቃ።

እንዲህ ያለ በረከት ያገኘ ነጋዴ አምስት ዓመት የተማረ ሰው በአካል ቀጥሮ ምን ሊሆነው? ሰው ነገር ያበዛል። «ማዘዣው የታለ?» ይላል። «ይሄ አንቲባዮቲክ ነው፣ ዝም ተብሎ አይሸጥም» ብሎ ገበያ ያባርራል። ይህን ሁሉ አጥፍቶ ደግሞ ደመወዝ ይጨመርልኝ ይላል!

በየቦታው እንዲህ ነው አልልም። ወረቀቱ በሚሠራበት ቤት ግን የሚያስተናግደን የነጋዴው የእህት ልጅ ነው። ደስ የሚል ልጅ። እኛም ማዕረግ አልነፈግነውም፤ «ዶክተርዬ፣ አሞክሳሲሊን አራት ፍሬ ብቻ» እንለዋለን። በመቀስ ቆርጦ ይሰጠናል። ጊዜው የሚያልፍበት ቀን የተጻፈበት ጫፍ ከቀሪው ጋር መደርደሪያ ላይ ይቀራል። እኛ እንዳንጨነቅ ብሎ ነው።

አከራዩን ፋርማሲስት ደግሞ እንዳትቀየሙት። እሱ የመንግሥት ሆስፒታል መስኮት ላይ ቆሞ «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ሲል ይውላል። መድኃኒቱን ያላስገባው እሱ አይደለም፤ የሚሰደበው ግን እሱ ነው። ስድቡ ከደመወዙ ጋር አንድ ላይ የሚሰጥ ጥቅማጥቅም ሳይሆን አይቀርም። ደመወዙ የቤት ኪራይ ስለማይችል፣ ቤት ለመከራየት ፈቃዱን ያከራያል።

ሕጉማ አክብሮታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መድኃኒት ቤትን ከአየር ትራንስፖርትና ከእሳት አደጋ ጋር አንድ ተርታ አሰልፎታል። እጅግ አስፈላጊ አገልግሎት ነው፤ ስለዚህ አድማ መምታት ክልክል ነው። በቀን 8 ሰዓት ይሠራል የሚለውም እዚያው አዋጅ ውስጥ አለ። እሱን ግን ብዙ ሰው ገልጦ የሚያነበው አይመስለኝም።

በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች «ደመወዛችን አላኖረንም» ብለው ሥራ ሲያቆሙ የታሰሩም ነበሩ። ብዙዎቻችን ደግሞ ተቆጣን። «ሕይወት የሚያድን ሰው እንዴት ስለ ብር ያወራል?» አልን። ብር ማውራት የተፈቀደው ሕይወት ለማያድን ብቻ ነዋ። ወረቀቱን ተመልከቱት፤ ያን ሰሞን እንኳ ከሚስማሩ ንቅንቅ አላለም።

አንድ ጉድለት ብቻ አለበት። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ተነስቶ «አቤት» ማለት አይችልም። እሱንም ልጁ ይሸፍንለታል።

«ፋርማሲስቱ አሁን ገና ምሳ ወጣ» ይላል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ።