በበቅሎ የተጎተተው የኤሌክትሪክ ባቡር

ዲሲ አካባቢ የምንኖር ሀበሾች ሪችመንድን (የቨርጂኒያዋን) የምናውቃት በ95 ሃይዌይ ወደ ደቡብ ስንነዳ ነዳጅ የምንቀዳባት ከተማ አርገን ነው። አዲስ አበባ ከአያት ጦር ሃይሎች የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር ዓይነት ነገር ግን በከተማ ደረጃ መጀመሪያ በደንብ የሰራው እዛ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1888።

ፍራንክ ስፕራግ የሚባል ከባህር ሃይል የወጣ፣ ኤዲሰን ጋ ትንሽ የሰራ ልጅ በ1884 የራሱን የሞተር ካምፓኒ ከፈተና፣ ገና በእጁ ያላለቀ ነገር ለሪችመንድ ሸጠ፦ 12 ማይል ሀዲድ፣ 40 ባቡር፣ ማመንጫው ጭምር፣ በ90 ቀን፣ በ110,000 ዶላር። ድፍረት ካላችሁ እንዲህ ነው። ዳገቱን ለመሞከር ማታ ባቡሩን አወጡት፣ ወጣላቸው፣ ከዛ ሞተሩ ተቃጠለና ቀጥ አለ፣ ሰው ከበባቸው። ስፕራግ እንዳያፍር ረዳቱን ጮክ ብሎ "መሳሪያዎቹን አምጣ" ብሎ ላከውና መብራት አጥፍቶ ጋደም አለ። ሰዉ ሲሰለቸው ተበተነ፣ "መሳሪያዎቹም" መጡ፣ አራት ፈርጣማ በቅሎዎች!

ከዛ በኋላ ያለው ስራ ዝም ብሎ መፍታትና መግጠም ነው። ሞተሩን ቀድሞውኑ ከወለሉ ስር፣ አንዱን ጎኑን አክሰሉ (ጎማዎቹን የሚያያይዘው ዘንግ) ላይ ሌላውን ስፕሪንግ ላይ አንጠልጥሎት ነበር፣ ሀዲዱ ሲያንገጫግጨው የሞተሩ ጥርስ ከአክሰሉ ጥርስ እንዳይላቀቅ ማለት ነው። የቦስተን የከተማ ባቡር ካምፓኒ ሃላፊ ሊያይ ሲመጣ 22 ባቡር በሌሊት አሰልፎ ተራ በተራ አስነሳለት፣ ሰውየው ተማረከ። በ1890 ካምፓኒውን የኤዲሰን ድርጅት ጠቀለለውና ስሙን ከእቃው ላይ ፋቁበት።

ሪችመንድም በ1949 ባቡሩን ጥላ ባስ ያዘች፣ ዲሲ በ1962። ስለዚህ "ሀገር ቤት ምንም አይበረክትም" የምትሉ ቀስ በሉ፣ እዚህም የሰራውን ነቅለው ነው የጣሉት።

የኛ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አዲስ አበባ 41 ባቡር ያለቀለት ከቻይና መጣ፣ ወደ 34 ኪሎሜትር መስመር፣ እኔም ቪዲዮውን እያየሁ እንባዬ መጥቶ ነበር፣ ከዓመታት በኋላ ግን ከግማሽ በላዩ መለዋወጫ አጥቶ ቆመ። ዶላር የለም ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን ባቡር ስንገዛ ጋራዡንና ሰራተኛውን አብሮ ያሰበ ማን ነበር? መርካቶ የተቃጠለ ሞተር በእጃቸው የሚጠቀልሉ ልጆች ሞልተዋል፣ ከነሱ ስንቱን ነው ቃሊቲ ዴፖ አስገብተው አንድ የተበላሸ ሞተር ፍቱት ያሏቸው?