150 ፒኤስአይ ለማን ነው?

በቃኝ! በዚህ የመኪና ጎማ መንፊያ ማሽን ካርቶን ላይ በደማቅ ቀለም 150 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ብሎ የጻፈው ሰው የት ነው ያለው? የእኔ መኪና ጎማ የሚፈልገው 35 ነው። እኔ ማወቅ የምፈልገው በደቂቃ ስንት ሊትር አየር እንደሚሰጥ ነው። መብራት አለው፤ ቦርሳ አለው፤ የኳስ መንፊያ መርፌ ሳይቀር አለው። ሊትሩ ብቻ የለም!

ዓባይ በረሃ ወርዶ ወንዙ ዳር አሸዋ ላይ ያደረ ሰው ይፍረደኝ። መኪናው እንዳይሰምጥ ጎማውን ወደ 18 ታስተነፍሳለህ። ጠዋት ድንኳንህን ጠቅልለህ፣ ወደ ደጀን ልትወጣ ስትል ይህን ጉድ ትሰካለህ። ይጮኻል፤ ይንቀጠቀጣል፤ አቧራ ላይ ይዘላል። የመለኪያው መርፌ ግን ዳገት እንደያዘው የጭነት መኪና ነው። አንዱ ጎማ ሳይሞላ የቱቦው ጫፍ ጣት ይጠብሳል። አርፎ ይቀዝቅዝ ተባለ፤ ቀዘቀዘ። እንደገና ሲነሳ የሲጋራ መለኮሻውን ፊውዝ ይዞት ሄደ። (ቱቦው ለኋላ ጎማ እንደማይደርስስ ነግሬያችኋለሁ?)

ባሕር ዳር የሸጠልኝ ሰው ደግሞ «ጌታዬ፣ አይሱዙ ሁሉ ይነፋል» ነበር ያለው። ከዚያች ጠባብ ሶኬት በሚወጣ ጉልበት? ከባትሪው ጋር በቀጥታ በመቆንጠጫ የሚያያዘውን ስጠይቀው «እሱ ይከብድዎታል፤ ይህ ይሻልዎታል» አለኝ። ለማን ነው የሚሻለው?

በተንፈሰሰ ጎማ እየተንፏቀቅኩ ደጀን ደረስኩ። ጎሚስታው ማሽኑን አገላብጦ አየና «ለልጆች ኳስ ጥሩ ነው» አለኝ።