እርማት፦ «በቁማር ደጋግሞ የተበላ ሰው ዕድሉ ቀርቧል» የሚለው ስህተት ነው

«አምስት ጊዜ ተከታትሎ የተበላ ሰው ተራው ደርሷል፤ ተስፋ ሳይቆርጥ በእጥፍ ያሲዝ» ብለው ለመከሩት ወንድማችን፦ ለሰው ተስፋ ለመስጠት እንዳሰቡ ይገባኛል፤ ምክሩ ግን ቤት ያፈርሳል።

ሳንቲም ያለፈውን አያስታውስም። ገና ሳይጀመር፣ ስድስት ጊዜ ተከታትሎ ዘውድ የመውጣት ዕድሉ ከ64 አንድ ነው። አምስቱ ከወጡ በኋላ ግን የቀረው አንድ ውርወራ ብቻ ነው፤ ዘውድም ጎፈርም እኩል 50 በመቶ ዕድል አላቸው። ስህተቱ የሚመጣው እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ከማደባለቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 በሞናኮ፣ ሞንቴ ካርሎ ቁማር ቤት ሩሌቱ ላይ (ቀይና ጥቁር ቁጥሮች ያሉት የሚሽከረከር የቁማር መንኮራኩር ነው) ጥቁር 26 ጊዜ ተከታትሎ ሲወጣ፣ «አሁንስ የቀይ ተራ ነው» እያሉ ያስያዙ ሰዎች ብዙ ገንዘብ አጥተዋል።

እጥፉን ደግሞ እናስላው። በ100 ብር ጀምሮ፣ በተበላ ቁጥር ማስያዣውን እጥፍ እያደረገ፣ ሰባት ጊዜ ተከታትሎ የተበላ ሰው 12,700 ብር ከስሯል። ስምንተኛው ላይ 12,800 ብር ማስያዝ አለበት። በለስ ቀንቶት ቢያሸንፍ እንኳ ከሁሉም በኋላ የሚተርፈው ያው 100 ብር ነው! አብዛኛው ሰው እዚያ ሳይደርስ ኪሱ ይራቆታል፤ ቁማር ቤቶችም ለማስያዣው ጣሪያ ያበጃሉ።

ደጋግሞ መሞከር የሚያዋጣው ሙከራው ራሱ በሚያስተምርበት ነገር ነው፦ ፈተና፣ ሙያ፣ ንግድ። እዚያም ቢሆን በፊት ምን እንደተበላሸ ጽፎ፣ ቢያንስ አንዱን ነገር ቀይሮ መመለስ ያስፈልጋል።