ላስ ቬጋስ ለምትሄዱ፣ ከጅማ

ስለ ላስ ቬጋስ ጉዞ ምክር የሰጡ አንድ ጸሐፊ «ላስ ቬጋስ የሚሄድ ሰው ስትሪፕ ላይ ይረፍ፣ ሁሉም ነገር በእግር ይደረሳል» ብለዋል። ስትሪፕ ትልልቆቹ ሆቴሎችና ቁማር ቤቶች የተደረደሩበት ጎዳና ነው። እናትና አባቱን ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ ምክር አይሆንም። ባለፈው ዓመት ለእህቴ ሠርግ ከጅማ እማዬን ይዤ ሄጄ ነበር። ስትሪፕ 6.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ከጅማ መሃል ተነስቶ ጅረን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ እንደ መሄድ በሉት። ሆቴሎቹ ግዙፍ ስለሆኑ ግን ቅርብ ይመስላሉ። «ያውና» ብለን የተነሳንበት ሕንፃ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። እማዬ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ ጫማዋን አወለቀች። እግሯ አብጧል። አንጀቴን በላችው።

ክፍላችን ለመግባት ደግሞ በቁማር ማሽኖቹ መሃል፣ በሲጋራ ጭስ ውስጥ ማለፍ ግድ ነበር። ከቤት ቆልታ፣ ፈጭታ ያመጣችው ቡና ሻንጣ ውስጥ ቀረ። ክፍሉ ውሃ ማፍያ እንኳ የለውም! በሦስተኛው ቀን ከስትሪፕ ወጣ ያለ፣ ኩሽና ያለው ማረፊያ ተከራየን። ያን ቀን ቡናዋን አፍልታ ፊቷ በራ። የሐበሻ ምግብ ቤቶችም ቅርባችን ሆኑ።

የግድ ስትሪፕ ላይ ካላችሁ፣ እንደ ቪዳራ ያለ ካዚኖ የሌለውና ሲጋራ የማይጨስበት ሆቴል አለ። ከአርብና ቅዳሜ ይልቅ በሥራ ቀናት ዋጋው ይቀንሳል። ሆቴሎች ከክፍሉ ዋጋ ሌላ በየቀኑ የሚያስከፍሉትን «የሪዞርት ክፍያ» አትርሱ። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2025 ወዲህ ሆቴሎች ይህን ክፍያ ከክፍሉ ዋጋ ጋር ደምረው እንዲያሳዩ በሕግ ተገድደዋል። ስለዚህ ስታወዳድሩ ድምሩን እዩ። ታክሱ ከዚያ በላይ ሊመጣ ይችላል።