ይድረስ ለክቡር ዕረፍት የለሽ እግራችን (ሐኪሞች “ሬስትለስ ሌግስ ሲንድሮም” ለሚሉት ሕመም)

ጉዳዩ፦ የሌሊት እንቅልፋችን እንዲለቀቅልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ከርመዋል? የእኛን ጤና አይጠይቁን፤ ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም። ይህን ማመልከቻ የምናቀርበው አሜሪካ አገር ከእርስዎ ጋር በደባልነት የምንኖር፣ ከሳሎን ወጥ ቤት ስንመላለስ የሚነጋብን ሕመምተኞች ነን።

በቅድሚያ ለሰዓት አክባሪነትዎ ያለንን አድናቆት እንገልጻለን። ከወገን መካከል የሀበሻ ቀጠሮ የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ቅዳሴ ላይ መቋሚያ ተደግፈን ስንቆም ዝር አይሉም፤ ስብከት ተጀምሮ ቁጭ ስንል ግን ከተፍ ነው። ለቅሶ ቤት ፍራሽ ላይ፣ አዲስ አበባ በሚወስደው አውሮፕላን መካከለኛ ወንበር ላይ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ አልጋ ላይ ቀርተው አያውቁም። ስንራመድ ይጠፋሉ፣ ጋደም ስንል ይመለሳሉ። ለሥራ የምንነሳበት ሰዓት ሲደርስ ደግሞ እርስዎም ይደክምዎታል። ሐኪም እርስዎን የሚለየው በራጅ ሳይሆን በዚሁ ጠባይዎ ነው፦ እግርን አንቀሳቅስ አንቀሳቅስ ያሰኛል፣ በዕረፍት ይብሳል፣ በእንቅስቃሴ ይቀላል፣ ማታ ያይላል። የጡንቻ መሸማቀቅ ቢሆን ባቱ ይቋጠር ነበር፤ በስኳር የተጎዳ ነርቭ ቢሆን ስንራመድም አይተወንም ነበር።

ዘመድ ስለ እርስዎ ያላለው የለም። “ብርድ ነው፣ በቅቤ ይታሽ” የሚል አለ፤ “ጭንቀት ነው” የሚልም አለ። “ደም አንሶሽ ነው” የምትለው አክስት ግን ሳታውቀው ከብዙ ሐኪም ቀድማ ወደ ጓዳዎ ተጠግታለች። ክቡርነትዎ የሚያደቡት አንጎል ውስጥ ብረት ሲጎድል ነው። ሄሞግሎቢን ሙሉ ሆኖም እርስዎ አሉ፤ ስለዚህ የሚለካው ሰውነት ያከማቸውን ብረት የሚያሳየው ፌሪቲን ነው። እዚህ ላይ ላቦራቶሪው ራሱ ጠበቃዎ ይሆናል። ፌሪቲን 22 ይወጣና ወረቀቱ “ኖርማል” ይላል። ለሌላው ሰው ይሁን፤ ለእርስዎ ግን መስፈርቱ ሌላ ነው። 75 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ወይም ትራንስፈሪን ሳቹሬሽን የሚባለው፣ በደም ውስጥ የሚጓዘው የብረት መጠን መለኪያ፣ ከ20 በመቶ ካነሰ፣ ብረት ይሰጣል፤ ከ75 እስከ 100 ላለ ደግሞ በደም ሥር የሚሰጠው ብቻ ይታሰባል። ደሙ የሚቀዳው ጠዋት ነው፤ የብረት ክኒን ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይተዋል። ኢንፌክሽን ባለበት ሳምንት ፌሪቲን በሐሰት ከፍ ስለሚል መለካቱ ከንቱ ነው።

የምንውጠው የ325 ሚሊግራም ክኒን ውስጡ ያለው ብረት 65 ሚሊግራም ነው። በባዶ ሆድ፣ ከብርቱካን ጭማቂ ጋር፣ በየቀኑ ወይም ቀን እያሳለፉ ይወሰዳል። እኛ ግን በአቦል አወራርደን፣ በቶና አጽንተን፣ በበረካ እንመርቀዋለን። ቡናና ሻይ ብረቱን አንጀት ውስጥ ስለሚያስሩት መድኃኒቱ እንደገባ ይወጣል፤ ለእኛ የሚተርፈን የሆድ ድርቀቱ ነው። በደም ሥር የሚሰጠው፣ ለምሳሌ 1,000 ሚሊግራም ፌሪክ ካርቦክሲማልቶዝ፣ ይህን ሁሉ ጣጣ ያልፈዋል፤ ኢንሹራንሱ “ደም ማነስ የለባቸውም” ብሎ ካልመለሰው ነው። ከተሰጠም በኋላ ለውጡ ሳምንታት ስለሚወስድ፣ በነጋታው “አልሠራም” ብሎ ተስፋ መቁረጥ ለእርስዎ መሸነፍ ነው።

ከተባባሪዎችዎ ሁሉ የከፋው ግን ወዳጅ መስሎ የገባው ነው። ሮፒኒሮል የተባለው መድኃኒት በ2005፣ ፕራሚፔክሶል የተባለው በ2006 አሜሪካ ውስጥ ለእርስዎ ተብለው ጸደቁ። የመጀመሪያው ሌሊት ተአምር ነው፤ 0.125 ሚሊግራም የምታህል ፍንካች ተውጣ ሰው እስከ ንጋት ይተኛል። ወራት ወይም ዓመታት ሲያልፉ ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት ይመጡ የነበሩት ክቡርነትዎ ከቀኑ 9 ሰዓት ይመጣሉ። ከእግር ወደ ክንድ ይወጣሉ። ሐኪሙ መጠኑን ይጨምራል፤ እርስዎም ሰዓትዎን ያስቀድማሉ። እንደገና ይጨምራል፤ እርስዎም ለምሳ ይደርሳሉ። አውግመንቴሽን ይሉታል። ችግሩ ክኒኑ ማነሱ ሳይሆን ክኒኑ ራሱ መሆኑን የሚነግረን ሲጠፋ ዓመታት ያልፋሉ። በዚያ ላይ ቁማር ቤት ረግጦ የማያውቅ የተከበረ አባወራ በድንገት ካዚኖ ማደር፣ ወይም ሌሊቱን በስልክ ዕቃ ሲያዝ ማንጋት ይጀምራል፤ ቤተሰቡ ሰይጣን ነው ይላል፣ የመድኃኒቱ ማስጠንቀቂያ ላይ ግን በግልጽ ተጽፏል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2025 መመሪያው እነዚህን መድኃኒቶች እንደ መደበኛ ሕክምና አትጠቀሙ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ማቆሙ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው፦ በጥቂት በጥቂቱ ይቀነሳል፣ ጨርሶ ከተቋረጠ በኋላ ያሉት ቀናት ግን እንቅልፍ አልባ ናቸው።

ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን የተባሉት መድኃኒቶች ዛሬ ፊት መሪዎቹ ናቸው፤ ለብዙዎች ይበቃሉ። ጋባፔንቲን በአንድ ጊዜ ከ600 ሚሊግራም በላይ ሲወሰድ ትርፉን አንጀት በደንብ ስለማይቀበለው ከፋፍሎ መውሰድ ይሻላል። ኩላሊት ለደከመበት መጠኑ ይቀነሳል።

አሁን እርስዎ ወደሚፈሩት ጉዳይ እንምጣ። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ በ1672 ክስዎን በጽሑፍ ሲያቀርብ፣ ያስተኛበት መድኃኒት ላውዳነም፣ ማለትም የኦፒየም ውህድ ነበር። ስዊድናዊው ካርል አክሰል ኤክቦም በ1945 ሙሉ ማኅደር ከፈተብዎ። እንግዲህ መድኃኒቱ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ይታወቃል፤ እኛ ግን አሁንም መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ስሙን ስንጠራ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን።

ሌላው ሁሉ ሲከሽፍ የሚመጡት ኦፒዮይዶች፣ ማለትም የኦፒየም ወገን መድኃኒቶች ናቸው፤ ብዙውን ጊዜም ሜታዶን ነው። ከ2.5 ሚሊግራም ይጀመራል፤ ብዙ ሰው ከ5 እስከ 10 ላይ ይረጋል። ሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚጠራቀም ሳምንት ሳይሞላ አይጨመርም፤ እግሩ ጸጥ ካለ በኋላም ትንፋሽን የማዳከም ኃይሉ ገና ሊመጣ ይችላል። የልብን ምት ሊያዛባ ስለሚችል ከመጀመሩ በፊትና በኋላ የልብ ኤሌክትሮካርዲዮግራም ይነሳል። ቡፕረኖርፊን ደግሞ ምላስ ሥር ይቀመጣል፤ ከተዋጠ አብዛኛው ይባክናል። ሟሙቶ ሲያልቅ አፍን በውሃ መጉመጥመጥ፣ ጥርስ ለመቦረሽ ግን ቢያንስ አንድ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ጥርስ እንደሚጎዳ ማስጠንቀቂያ የወጣው በ2022 ነው። አጭሩ ኦክሲኮዶን በ3 ሰዓት ተውጦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሥራውን ይጨርሳል፤ እርስዎም በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ትራማዶል “ቀላሉ ነው” ተብሎ ይታዘዛል፤ ከኦፒዮይዶች መካከል ግን ልክ እንደ ፕራሚፔክሶል ሰዓትዎን በማስቀደም የታወቀው እሱ ነው፤ ከአንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይለይልን። የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው ወንድሞቻችን የሚወስዱት መጠን ከዓመት ዓመት የመውጣት ጠባይ አለው፤ ለረጅም ጊዜ መጥቀሙም ብዙ ያከራክራል። ለእርስዎ የሚወሰደው ግን ትንሽ ነው፣ በአመዛኙም ባለበት ይቆያል። በማሳቹሴትስ ጄነራል ሆስፒታል የተመዘገቡ ሕመምተኞች ሁለት ዓመት ክትትል ሲደረግላቸው የመጠን ለውጡ ባብዛኛው አነስተኛ ነበር። ሕጉ ግን ሁለታችንንም በአንድ ወንፊት ይነፋናል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) በ2016 ለሕመም ማስታገሻ ያወጣው ምክር ብዙ ቦታ እንደ አዋጅ ተነበበ፤ በ2022 ቢያለዝበውም ኮምፒዩተሩ አልሰማም። አብዛኛው ኦፒዮይድ ወደ ሞርፊን ተመንዝሮ ይቆጠራል፤ ኦክሲኮዶን በ1.5፣ ሜታዶን በ4.7 ይባዛል። በቀን 10 ሚሊግራም ሜታዶን 47 ይሆናል፤ የጥንቃቄው ደፍ 50 ነው። የባለ 5 ክኒን ግማሽ ስትጨመር 58.75፤ በቃ፣ ቀይ መብራት በራ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ያውቁታል፤ መቼም እግራችን ነዎትና መድኃኒት ቤት አብረውን ተሰልፈዋል። ሜታዶንና ኦክሲኮዶን ሕግ ከሚቆጣጠራቸው መድኃኒቶች ሁለተኛው ምድብ ውስጥ ስለሆኑ ሪፊል፣ ማለትም በዚያው ማዘዣ ዳግም መሙላት፣ የላቸውም፤ ሐኪሙ ፈቃደኛ ከሆነ ግን ድምራቸው እስከ 90 ቀን የሚደርስ የተለያዩ ማዘዣዎች በአንድ ጊዜ መጻፍ ይችላል። ቡፕረኖርፊን ሦስተኛው ምድብ ስለሆነ በስድስት ወር እስከ አምስት ሪፊል ይፈቀዳል። “ሜታዶን? እሱ ለሱሰኞች ክሊኒክ ነው” የምትል ልጅ መስኮቱ ላይ ትገኛለች፤ ለሱስ ሕክምና ሲሆን እንጂ ለሕመምና ለእርስዎ ሲታዘዝ ማንኛውም ፋርማሲ መስጠት ይችላል። 60 ክኒን ታዞ 20 ብቻ ቢኖራቸው፣ ቀሪው በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተሞላ ማዘዣው ይሞታል፣ አዲስ መጻፍ አለበት። ጨርሶ ከሌላቸው ደግሞ፣ ከነሐሴ 2023 ወዲህ ያልተሞላ የኤሌክትሮኒክ ማዘዣ የክፍለ ግዛቱ ሕግ ከፈቀደ አንድ ጊዜ ወደ ሌላ ፋርማሲ ሊዛወር ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው ዓርብ ማታ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ቅዳሜና እሁድም የእርስዎ ይሆናሉ።

የሽንት ምርመራው ከዚህ ያስቃል። ተራው የኦፒየም መመርመሪያ የሚያገኘው ሞርፊንና ኮዴይንን ነው፤ ሜታዶንና ቡፕረኖርፊንን አያይም፣ ኦክሲኮዶንም ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። በትእዛዙ መሠረት የወሰደ ሰው “አልወሰድክም፣ ሸጠኸዋል” ተብሎ ይጠረጠራል። ያኔ መሟገት ሳይሆን ናሙናው በማረጋገጫ ምርመራ እንዲታይ መጠየቅ ነው።

ጥገኝነትና ሱስ ለየቅል ናቸው፤ ሰውነት መልመዱን ግን አንክድም። በድንገት ሲቋረጥ ጥቅሙ የእርስዎ ነው፤ የመድኃኒቱ መቅረት በራሱ እግርን ያቅበጠብጣልና ከእርስዎ ጋር ተዋውቀው የማያውቁ የወገብ ሕመምተኞች እንኳ ያን ሌሊት ይተዋወቁዎታል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ በሚያዝያ 2019 በድንገት ማቋረጥ ከባድ ጉዳት እንደሚያደርስ ያስጠነቀቀው ለዚሁ ነው። ከዓመት በላይ ለወሰደ ሰው በወር 10 በመቶ ወይም ከዚያ ቀስ ብሎ መቀነስ ይመከራል።

ለመድኃኒቱም ጥብቅና አንቆምም። ሆድ ያደርቃል፤ ሌላው የጎንዮሽ ጉዳት ሲለመድ ይህ አይለመድም። ተልባ ብቻውን አያድንም፤ አንጀቱ ስለተኛ ያበጠው ተልባ ባለበት ይቆማል። ሴና ያለበት ክኒን ነው የሚያነቃው። ከአረቄ፣ ከቫልየምና ከመሰሎቹ ጋር ሲደባለቅ ትንፋሽ ያቆማል፤ ማንኮራፋትና እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቆራረጥ ያለበት ሰው ቀድሞ ይመርመር። ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ባለ 4 ሚሊግራም የአፍንጫ ናሎክሶን፣ ኦፒዮይድ ሲበዛ የሚያመክነው መድኃኒት፣ ቤት ይቀመጥ፣ የት እንዳለም ቤተሰቡ ይወቅ። ክኒኑ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ይግባ። “ለእኔ ሠርቶልኛል፣ እስቲ አንቺም ሞክሪው” የሚለው ደግነታችን እዚህ ላይ ይቅር፤ ለለመደው ሰው ትንሽ የሆነው ሜታዶን ላልለመደችው እህት ሊገድል ይችላል። በዱባይ በኩል ለሚጓዝም፦ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እንዲህ ላሉ መድኃኒቶች አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ጠርሙሱ የፋርማሲው ስያሜ እንደተለጠፈበት፣ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር በእጅ ሻንጣ ይያዝ።

ስለሆነም ክቡርነትዎ ከምሽቱ 3 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለውን ይዞታ ለባለቤቱ እንዲለቁ፣ ካልሆነም እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት እንዲያሳጥሩ በትሕትና እናመለክታለን። ቀኑን ከፈለጉ ይውሰዱት፤ ያኔ ቆመን ነው የምንውለው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለኢንሹራንሱ የይግባኝ ክፍል፤ የፌሪቲን ውጤት ተያይዟል።
ለአክስታችን፤ “ደም ማነስ” ያሉት “የብረት ማነስ” ተብሎ እንዲታረምልን።
ለቤናድሪል፣ ለአድቪል ፒኤም፣ ለታይሌኖል ፒኤምና ለማቅለሽለሽ ለሚሰጠው ሪግላን፤ ባሉበት። እንቅልፍ ሊያመጡ ወይም ሆድ ሊያረጋጉ ገብተው እግሩን ሲቀሰቅሱ ስለተገኙ ዳግመኛ ራስጌያችን እንዳይታዩ።