ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ደራሲ

ባለፈው እሁድ ደሴ ላይ ሌላ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ተመረቀ። እናንተም ተጠርታችሁ ታውቃላችሁ፤ ባነሩ፣ የታሸገው ውኃ፣ ከደራሲው በፊት «ሁለት ደቂቃ ብቻ» ብለው ማይክ የማይለቁት ሰዎች። የዚህኛው ባለታሪክ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። እኔ ለምስጋና ነው የተነሣሁት። አንባቢ አስቦ እንዳይደክም አስቀድሞ የሚያደንቅለት ደራሲ ዝም ተብሎ አይታለፍም።

ጥበቡን ልብ በሉልኝ። ዐድዋ ላይ የወሎ ፈረሰኛ ሲጋልብ፣ ከፈረሱም ከፈረሰኛውም ቀድሞ የሚደርሰው የንጉሡ ብልሃት ነው። ሰገሌ ላይ ሲሸነፉ ግን ሜዳው ላይ ያለው የሌሎች ተንኮል ብቻ ነው፤ እሳቸው ለጊዜው ከገጹ ወጣ ይላሉ። ስለ ልጅነታቸው ብዙ አልልም። በየመጽሐፉ ባለታሪኩ ገና በሕፃንነቱ የተጣሉ እረኞችን ያስታርቃል፤ ያን ጊዜ እንዴት ያለ እረኛ ቢኖር ነው እንዲህ ሲጣላ የሚውለው? «የውጭ ጸሐፊዎች ሁሉ መስክረውላቸዋል» የሚልም አለ። እነማን? ሁሉ።

1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ የሆነው በሦስት መስመር አልቋል። ኢማም መሐመድ አሊ «ልባቸው ስለፈቀደ» ተጠመቁ፤ አፄ ዮሐንስ የክርስትና አባት ሆኗቸው፤ ራስ ሚካኤል ተባሉ። ሙስሊም ሹም ወይ ይጠመቅ ወይ ሹመቱን ይልቀቅ የሚለው ትእዛዝ ደራሲው ዘንድ አልደረሰም። አልጠመቅም ብለው ያመፁት ሸህ ጦልሃም እዚህ መጽሐፍ ውስጥ አልተወለዱም። በእስልምና አድጎ፣ በንጉሠ ነገሥት ፊት ተጠምቆ፣ ከዚያ የሁለቱንም ሃይማኖት ሰው ለዓመታት የገዛ ሰው ሌሊት ብቻውን ሲሆን ምን ያስብ ነበር? ይህ ጥያቄ አንባቢ ይረብሻል። ደራሲያችን ደግሞ ደግ ሰው ናቸው።

እሳቸው የሚያውቁት ሌላ ሌሊት ነው። ጥቅምት 16 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ የሰገሌ ጦርነት ዋዜማ። የንጉሡ ልጅ፣ ልጅ ኢያሱ፣ ከዙፋን ከተሻሩ ወር ሊሞላ ነው፤ አባት የወሎን ጦር ይዘው ሸዋ ገብተዋል። ደራሲያችን ድንኳኑ ውስጥ ናቸው። ንጉሡ መጀመሪያ በግራ ጎናቸው እንደተኙ፣ ኋላ ወደ ቀኝ እንደዞሩ አይተዋል። አቦሉን ጨርሰው ቶናውን እንዳልነኩ፣ በረካው ሲመጣ «ኧረ የአገሬ ነገር!» ብለው እንደተነፈሱ ሰምተዋል። ማንም አልነበረም፣ እልፍኝ አስከልካዩ እንኳ ውጪ ነበር ይላል መጽሐፉ፤ ቡናውን ማን እንዳፈላው እንግዲህ አንጠይቅም። በዚህ ሒሳብ ደራሲው መቶ ዓመት ካለፋቸው ቆይተዋል። እሁድ ሳያቸው ሃምሳም አይሞሉ፤ ምን እንደሚመገቡ ቢነግሩን።

ከዚያ እንባ ትወርዳለች። አንዲት፣ ከቀኝ ዓይን። ጉንጭ ላይ ትንሽ ትቆማለች። ሙሉ ጨረቃ በድንኳኑ ቀዳዳ ገብታ ታበራታለች፤ እንባዋ ውስጥም ወሎ ትታያለች። ጦሳ አለ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከነሐይቁ አለ። ቦርከና ይፈሳል። አይጠየፍ አዳራሽ ከነጣሪያው ገብቷል። ፈረሳቸው ውጪ ሆኖ ነገሩ ገባውና መኖውን ተወ። ይህ ሲነበብ አዳራሹ አጨበጨበ፤ ከኋላዬ አንድ ሰው አፍንጫውን ጠረገ።

ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሸህ ግን በጣታቸው ሲቆጥሩ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ይህ ሌሊት እኮ የ1334 ሂጅራ ዙልሒጃ ወር ማለቂያ ነው። ጨረቃ የለችም፤ ድቅድቅ ነው» አሉኝ።

«አብሽሩ ሸሁ፣ ለንጉሥ ብላ ብትወጣስ!» አልኳቸው።

ጨረቃዋ አራት ገጽ አላት። በማግሥቱ የወደቀው የወሎ ሰው ያለው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ከሁለቱም ወገን ብዙ ሕዝብ አለቀ።» በቃ! ሞፈሩን ጥሎ የዘመተ ገበሬ፣ ለአንድ ቤተሰብ ዙፋን ሲል ሰገሌ ሜዳ ላይ የቀረ፣ የማን አባት ነበር? ከየት ቀዬ ሄደ? ማን አለቀሰለት? ንጉሡ ያላፈሰሱትን እንባ የፈጠረ ሰው አንድ መንደር ወርዶ አንድ ስም መጠየቅ እንዴት ያቅተዋል? ሬሳ ረግጦ ማለፍ ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም።

ምስጋና ላይ ነበርኩ። ንጉሡ ተማርከው፣ በሰንሰለት ታስረው አዲስ አበባ የገቡበትን ቀን መጽሐፉ «በብዙ ሠራዊት ታጅበው ከተማዋ ገቡ» ብሎታል። እውነት ነው፤ አጃቢ አልጠፋም።

ሁለተኛው ቅጽ በዝግጅት ላይ መሆኑም ተበሥሯል። የማሳተሚያውን ወጪ ለመሸፈን ቃል የገቡ ሦስት ባለሀብቶች መድረክ ላይ ወጥተው ተጨበጨበላቸው። የሦስቱም አያቶች ያን ሌሊት ድንኳኑ ውስጥ እንደነበሩ በአዲስ ጥናት ሊረጋገጥ ነው። ቡናውን ያፈላው ሰው አሁንም አልተገኘም፤ አራተኛ ስፖንሰር እየተጠበቀ ነው።