ከስቱኮ በፊት እርሳስ

አዲስ ቤት የገባችሁ ካላችሁ የመስኮቶቹን ጥግ ተመልከቱ። ከማዕዘኑ ተነስቶ ሰያፍ የሚወጣ ቀጭን ስንጥቅ ታገኙ ይሆናል። የተለመደው መፍትሔ ስቱኮ መለጠፍና ቀለም መቀባት ነው። በዓመቱ ስንጥቁ እዚያው ይመለሳል። ይህ ልማድ በጣም ያሳስበኛል።

ስንጥቁ ጥግ የሚመርጠው በአጋጣሚ አይደለም። ግድግዳው የተሸከመው ጫና መስኮቱ ጋ ሲደርስ ዞሮ ማለፍ አለበት። ሲዞር ጠርዙ ላይ ይጨናነቃል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ኪርሽ እ.ኤ.አ. በ1898 አስልቶታል። ክብ ቀዳዳ ያለው ሰፊ ዝርግ ነገር ቢሳብ የቀዳዳው ጠርዝ ከቀዳዳው ርቆ ካለው ቦታ 3 እጥፍ ይወጠራል። እንግሊዛዊው ኢንግሊስ በ1913 ቀዳዳውን ሞላላ አደረገው። ርዝመቱ የስፋቱን 10 እጥፍ ሆኖ ለሚስበው ኃይል አግድም ከተኛ ጫፉ ላይ 21 እጥፍ ይደርሳል።

የግንባታ ብረት ትንሽ ተለጥጦ ጫናውን ያከፋፍላል። ብሎኬት፣ ልስን፣ ሸክላና መስታወት ግን ይህ አቅም የላቸውም። መስታወት ቆራጭ ሲሠራ አይታችሁ ከሆነ ውፍረቱን ሁሉ አይቆርጥም። ላዩን ይጭረውና ጫን ሲለው በጭረቱ ላይ ቀጥ ብሎ ይከፈላል።

በኢንግሊስ ስሌት ግን ጫፉ በሾለ ቁጥር ውጥረቱ ያለ ገደብ ያድጋል። እንዲያ ቢሆን የተጫረ ብርጭቆ ሁሉ ሻይ ሲቀዳበት በተሰበረ ነበር። መልሱን በ1921 ያመጣው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ግሪፊዝ ነው። ስንጥቅ ሲያድግ የታመቀ ጉልበት ይለቀቃል፤ አዲስ የስብራት ገጽ ለመፍጠር ደግሞ ጉልበት ይወጣል። የሚለቀቀው ከሚወጣው ሲበልጥ ስንጥቁ ይሮጣል። እኔን የሚገርመኝ ከዚህ የሚከተለው ነው። በዚያው ዕቃ ላይ 4 እጥፍ የረዘመ ስንጥቅ ካለ ዕቃው በግማሽ ጫና ይሰበራል። የጫፉን ሹልነት ብቻ ማወቅ አይበቃም ማለት ነው፤ ርዝመቱም መታወቅ አለበት።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ የሠራቻቸው ሊበርቲ መርከቦች ይህን በውድ አስተምረዋል። በቅዝቃዜ ብረታቸው እንደ መስታወት ተሰባሪ ይሆን ነበር። ብዙ ስንጥቆች የተነሱት ከዕቃ ማስገቢያው አራት ማዕዘን ጥግ ነው። ቀፎው በብየዳ አንድ ወጥ ስለሆነ ስንጥቁን የሚያቆመው መጋጠሚያ አልነበረም።

የግድግዳ ስንጥቅ ሁሉ ቤት አያፈርስም። ብዙው ልስን ሲደርቅ የሚመጣ ነው። አደገኛውን የምንለየው ግን ማደግ አለማደጉን ስናይ ነው፤ ስቱኮ ደግሞ የሚሸፍነው ይህንኑ ነው። ሥራ ላይ ያላችሁ ፎርማኖች፣ በኮንክሪት ግድግዳ የመስኮት ጥግ ላይ ሰያፍ ፌሮ አስገቡ። ብሎኬት ከሆነ ከመስኮቱ በላይ ያለው ኮንክሪት ግራና ቀኝ በደንብ ይለፍ፤ ልስኑ ውስጥም ጥጉ ላይ የሽቦ መረብ ይግባ። ወጪው ከጠቅላላው ሥራ አንጻር ኢምንት ነው። ቤቱ ውስጥ የምትኖሩ ደግሞ የስንጥቁን ጫፍ በእርሳስ አስምሩና ቀኑን አጠገቡ ጻፉ። ከወር በኋላ መስመሩን አልፎ ከሄደ ቀለም ቀቢውን ተዉትና መሐንዲስ ጥሩ።